መጀመሪያ ቤቱ፣ ከዚያ እርግቧ

እናቴ «እርግብ ጠብ ካለበት ቤት አትቀመጥም» ትል ነበር። ጎንደር ውስጥ ይህን ሳይሰማ ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። የአንድ ቤት እርግቦች ድንገት ብድግ ብለው ከሄዱ ሰፈሩ ቀና ብሎ የሚያየው ባልና ሚስቱን ነው። ከ9 ዓመት በፊት የእኔዎቹ ጥለውኝ ሲሄዱ ባለቤቴ «አሁን ሰው ምን ይለናል?» ብላ ስትጨነቅ አስታውሳለሁ። ያን ሰሞን ደግሞ እንደ አጋጣሚ አልተጣላንም። ነገሩ የገባኝ ቤቱን ሳፈርሰው ነው። ከኋላው ጣውላ ሥር አይጥ ወልዳለች። ወለሉ ርሷል። ስንጥቁ ሁሉ የስፌት መርፌ ጫፍ በሚያክሉ ቀያይ ነፍሳት ተሞልቷል። እርግቦቹን ያባረራቸው ጠብ ሳይሆን የእኔ አናጺነት ነው።

ሥራዬ ወፍጮ ቤት ነው። እህል እመዝናለሁ፣ አስፈጫለሁ፣ ድንጋይ እወቅራለሁ። ቤቴ ሳሙና በር አካባቢ ነው። ግቢዬ ጠባብ ናት፤ አንድ የኮክ ዛፍ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የውሃ በርሜል፣ ከዚያ የእርግቦቹ ቤት። አሁን 16 እርግቦች አሉኝ። እንዴት ላርባ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጀምረው «የት ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ገና አትግዙ እላለሁ።

ግንቡን ቀና ብላችሁ እዩ

እርግብ ምን ዓይነት ቤት እንደምትወድ ለማወቅ ፋሲል ግቢ ግቡና ግድግዳውን ተመልከቱ። የቤት እርግብ ዘሯ የሚመዘዘው ገደል ላይ ከምትኖር የዱር እርግብ ነው። የድንጋይ ግንብ ለእርግብ ገደል ነው። ግንቡ ላይ የምታዩዋቸው የዱር ዘመዶቿ ናቸው። አንደኛዋ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት ናት። ሌላዋ፣ አንገቷ ላይ ነጭ ያላት፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትኖር ናት። የትኛውን ቀዳዳ እንደሚመርጡ አስተውሉ። ከፍ ያለውን፣ ደረቁን፣ ጨለም ያለውን፣ ነፋስ ፊት ለፊት የማይመታውን። ዝናብ የሚገባበት ቀዳዳ ባዶውን ነው የሚውለው። እንግዲህ ግቢያችሁ ውስጥ የምትሠሩት ያንን ቀዳዳ ነው።

የእኔ ቤት ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው። ለ16 እርግቦች ይበቃል፤ ለ20 አይበቃም። እርግብ ስትጣበብ ትደባደባለች፣ ዕንቁላል ትሰብራለች፣ ትታመማለች። ጥልቀቱን ከዚህ አታብዙት። ምክንያቱ ክንድ ነው። በጀርባው ባለው በር ስገባ እጄ ሁሉም ጥግ መድረስ አለበት። እጅ የማይደርስበት ጥግ አይጸዳም።

ቤቱ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ በአራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ይቆማል። መሬት የሚገባውን ጫፍ ለምስጥ የተቃጠለ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ከላይ ደግሞ እያንዳንዱን ቋሚ ግማሽ ሜትር ያህል በለስላሳ ቆርቆሮ ጠቅልዬዋለሁ። ድመት ትወጣና እዚያ ስትደርስ ጥፍሯ ይንሸራተታል። አይጥም እንዲሁ። ይቺ ቁራጭ ቆርቆሮ ግቢዬ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ በዋጋዋ ልክ የሠራችልኝ ናት።

ማዕቀፉ ሞራሌ ነው፤ ሦስቱ ጎን ጣውላ፤ ፊቱ ሽቦ። ሽቦ ላይ አትሞኙ። ተራው የዶሮ ሽቦ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ትንሽ አይጥ ትሾልካለች። ቀዳዳው ከግማሽ ጣት ውፍረት ያልበለጠውን ፈልጉ። ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩት። በእኔ ግቢ የሐምሌ ዝናብ በጣና በኩል እየተገፋ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ በጣና በኩል ያለው ጎን ጣውላ ነው። የእናንተ ግቢ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ክረምት ቁማችሁ ግድግዳችሁ የቱ ጋ እንደሚርስ ብታዩ ይሻላል። አዎ፣ አንድ ክረምት። የሚቸኩል ዶሮ ያርባ።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከፊት 40 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይላል። ቆርቆሮ ብቻውን ግን አይሆንም። መጋቢት ላይ ምጣድ ነው፤ ታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከሥሩ ላብ ያንጠባጥባል። ውስጡን በኮምፔርሳቶ ኮርኒስ አልብሱት። በኮርኒሱና በኋላው ግድግዳ መካከል የአራት ጣት ክፍተት ተውና በሽቦ ዝጉት። ሞቃት አየር በዚያ ይወጣል። ብርድ እርግብን አይገድላትም፤ ጎንደር ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ ታውቃላችሁ፣ እነሱ ላባቸውን ነፍተው ይተኛሉ። የሚገድላት እርጥበት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ገና ሳይነጋ በሩን ከፍታችሁ አፍንጫችሁን አስገቡ። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለ አየሩ አልተዘዋወረም።

ወለሉ ላይ ሰጋቱራ እበትናለሁ። አናጺዎች ሠፈር በነፃ ነው፤ ግን ደረቅ መሆኑን በእጃችሁ ጨብጣችሁ እዩ።

ቆጡ ጠፍጣፋ ይሁን። ዶሮ ክብ እንጨት ትጨብጣለች፤ እርግብ ግን የገደል ልጅ ስለሆነች ጠፍጣፋ ነገር ላይ መቆም ትወዳለች። ደግሞ እያንዳንዷ የራሷ ቦታ ያስፈልጋታል። አንድ ረጅም ቆጥ ከሠራችሁ ኃይለኛው ወንድ ከዳር እስከ ዳር ይነዳቸዋል። እኔ በሳጥን በሳጥን ከፋፍዬዋለሁ።

ከወለቃ የመጣ ጎጆ

ለአንድ ጥንድ አንድ ሳጥን። ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 40፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር። ሰፋ የሚለው ምክንያት አለው። ጫጩቶቹ ገና የሦስት ሳምንት ሳሉ እናትየዋ እዚያው ሳጥን ውስጥ ሌላ ዕንቁላል መጣል ትችላለች። ስለዚህ ሁለት ጎጆ ጎን ለጎን መያዝ አለበት።

ለጎጆው ራሱ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። ካርቶን ራሰ። የፕላስቲክ ሳህን አንሸራተተ፤ የጫጩት እግር ግራና ቀኝ ተበርግዶ ቀረ። እንዲህ የሆነ እግር ቶሎ ካልተያዘ አይድንም። በመጨረሻ ወለቃ ሄድኩ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉትን ሸክላ ሠሪዎች ታውቋቸዋላችሁ። ለአንዷ እናት ስንዝር ከአራት ጣት የሚሆን፣ ጥልቀቱ አራት ጣት፣ ውስጡ ያልለሰለሰ ጣባ እንዲሠሩልኝ ነገርኳቸው።

«ለምን ወጥ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ለወጥ አይደለም እናቴ፣ ለእርግብ ነው።»

ከሥራቸው ቀና ብለው ቆይተው አዩኝ። «እንዲያ ከሆነ ሳይወለወል ይቅር» አሉና ሳቁ። ሻካራ ሆኖ የቀረው ሸክላ የጫጩቱን እግር ይይዛል፤ እርጥበት ይመጥጣል፤ ሲቆሽሽ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ስምንት ጣባ አሠርቼ ከሰባት ዓመት በኋላ የተሰበረው አንድ ነው፤ እሱንም የሰበርኩት እኔ ነኝ። ጣባው ውስጥ ትንሽ ሰጋቱራ፣ ከዚያ ለወንዱ ግቢው ውስጥ የተቆራረጠ ጭድና ቀጫጭን ጭራሮ ተዉለት። እሱ አንድ በአንድ ያመላልሳል፤ እሷ ተቀምጣ ትደረድራለች። ጎጆውን እናንተ አትሥሩላቸው።

አሁን ግዙ

ቅዳሜ ገበያ በዶሮ ሻጮቹ አካባቢ አይጠፋም። ዋጋ አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ይለወጣል። ስትገዙ በእጃችሁ ያዙ። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ከወጣ ከስታለች። አፏን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ውስጡ ሮዝና ንጹሕ ይሁን። ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ በኩስ ከተጣበቀ ተዉአት።

ትልቅ አትግዙ። ይህ የብዙ ሰው ስሕተት ነው። ትልቅ እርግብ ልቧ የተወለደችበት ቤት ነው፤ ሁለት ወር ብትዘጉባትም በከፈታችሁ ቀን ልትሄድ ትችላለች። ፈልጉ የምላችሁ ገና ራሷን መመገብ የጀመረችውን፣ የአምስት ወይም የስድስት ሳምንቷን ነው። ራሷ ላይ ቢጫ ፀጉር የመሰለ ነገር ቀርቶባታል። ከመንቁሯ በላይ ያለው እብጠት ገና አልነጣም።

ጥንድ ነው ሲሏችሁም ወዲያው አትመኑ። እኔ አንድ ጊዜ «ባልና ሚስት ናቸው፣ አይለያዩም» ተብዬ ሁለት ገዛሁ። እውነትም አይለያዩም። አብረው ጎጆ ሠሩ፣ ተቃቀፉ፣ ጎጆው ውስጥ አራት ዕንቁላል አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሦስት ሳምንት ታቅፈው አንድም አልተፈለፈለም። እርግብ ሁለት ዕንቁላል ነው የምትጥለው። አራት ካያችሁ ሁለት ሴት ነው ያላችሁ። ወንዱ ጉሮሮውን ነፍቶ፣ ጅራቱን መሬት እየጠረገ፣ እየተሽከረከረ ነው የሚያጉረመርመው። ሴቷም ታጉረመርማለች፤ እሱ ግን ሙሉውን ዙር ይዞራል። ቢቻል ስድስት ትንንሾች ግዙና ራሳቸው ይመራረጡ። ከተጋቡ በኋላ በአብዛኛው እስከ ዕድሜ ልክ ነው።

በር የሚከፈተው መቼ ነው?

ወጣት እርግቦች ቢያንስ አራት ሳምንት ይዘጋባቸው። ግን ጨለማ ውስጥ አይደለም። መውጫው ፊት ለፊት በሽቦ የታጠረች ትንሽ በረንዳ ሥሩ። እዚያ ቁጭ ብለው ጣሪያውን፣ ዛፉን፣ ማዶውን ያጠናሉ። ይህን ጊዜ እናንተም ተጠቀሙበት። እኔ እህል ከመስጠቴ በፊት ሁልጊዜ ጣሳ አንኳኳለሁ። በሁለት ሳምንት ጣሳ ሲሰሙ ይሰባሰባሉ።

መጀመሪያ የምትለቁት ወደ ማታ፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ ሳይበሉ ነው። ሊጨልም ስለሆነ ሩቅ አይሄዱም፤ ስለራባቸው ይመለሳሉ። አታባሩ፣ አታስበርግጉ፤ በሩን ክፈቱና ዞር በሉ።

ይህን ሁሉ አውቄ የሠራሁትን ልንገራችሁ። አራት ሳምንቱ ሳይሞላ፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቀኑ ደስ አለኝና ከፈትኩ። ሰባት ነበሩ። ጣሪያው ላይ ወጡ፣ ክንፋቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም ነገር አማረ። ቀኑ ነሐሴ 12 ነበር። የቡሄ ዋዜማ። ከጀርባ ያሉ ልጆች ጅራፋቸውን ማጮህ ጀመሩ። የመጀመሪያው ጅራፍ «ጧ!» ሲል ሰባቱም አንድ ላይ ተነሡ። ሁለተኛው ሲጮህ ከአንገረብ በላይ ነበሩ። ከዚያ ጨለመ። በማግስቱ ሁለት መጡ፤ በሦስተኛው ቀን አንድ። አራቱ ቀሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። አሁን ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ቡሄ ማግስት አዲስ እርግብ አለቅም። ሠርግ ያለበት ቀንም እንዲሁ፤ ጎንደር ሠርግ ያለ ጥይት አይሞቅም።

መውጫዋን ስትሠሩ ከውጭ የምትገፋ፣ ከውስጥ የማትከፈት አድርጓት። ቀጫጭን ሽቦዎች ከላይ አንጠልጥሉ፤ ጫፋቸው ከውጭ በኩል ባለ እንጨት ላይ ይደገፍ። የዘገየችው እርግብ ገፍታ ትገባለች፣ መውጣት አትችልም። ሌሊት ድመትም ልትገፋው ስለምትችል ከላይ መዝጊያ አወርዳለሁ።

ቀን ቀን የሚያሳስበው ጭልፊት ነው። መድኃኒት የለውም። በተለያየ ሰዓት መልቀቅ፣ ነጫጮቹን አለማብዛት፣ ከተለቀቁ በኋላ ደጅ መቆም። ለሊቱ ደግሞ ሙጭልጭላ አለ፤ ከቤታችሁ አጠገብ ጥሻ ካለ ተጠንቀቁ። በአንድ ሌሊት ያለውን ሁሉ ትፈጃለች።

ስለ እህል እኔን ጠይቁኝ

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፤ የእኔ ቤት ነው።

እርግብ ዱቄት አትበላም፣ ክክም ብዙ አትፈልግም። ወፍጮዋን ይዛ ነው የምትዞረው። ሙሉውን ፍሬ ትውጣለች፤ ሆዷ ውስጥ ባለው ጠጠር ትፈጨዋለች። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እህል እንደሚያንሸራትት ሁሉ የእሷም ጠጠር ይለሰልሳል። እኛ ድንጋዩን እንወቅራለን፤ እሷ አዲስ ጠጠር ትውጣለች። ስለዚህ ከእህሉ ጎን ሁልጊዜ ሌላ ጣሳ ይቀመጥ። ከወንዝ ዳር የመጣ ሻካራ አሸዋ፣ ተቆልቶ የተፈጨ የዕንቁላል ቅርፊት፣ የደቀቀ ከሰል፣ ቆንጠር ያለ ጨው። ቅርፊቱ ለዕንቁላልና ለአጥንት ነው። ያልተፈጨ ማሽላ ኩሳቸው ውስጥ ካያችሁ ያቺ ጣሳ ባዶ ሆናለች ማለት ነው።

የእኔ ድብልቅ በጣሳ እንዲህ ነው፦ አራት ማሽላ፣ ሁለት ስንዴ፣ አንድ ደቃቅ በቆሎ፣ ሦስት አተር። ማሽላው የመተማ ወይም የአርማጭሆ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ርካሽና ንጹሕ ሆኖ ይመጣል። አተር ሲወደድ ሽምብራ እለውጣለሁ፤ ደንቢያ ቅርብ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ በቆሎውን ሁለት አደርገዋለሁ፤ ሙቀት ይሰጣል። ጫጩት ሲይዙ አተሩን አበዛለሁ። ላባ ሲጥሉ እፍኝ ኑግ ጣል አደርጋለሁ። ላባው ወዝ ያወጣል።

መጠኑ፦ አንድ የሻይ ብርጭቆ እህል ለሦስት እርግብ ለአንድ ቀን። አሥር እርግቦች በወር ከ10 ኪሎ ብዙ አይርቁም። ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ከበረራ በኋላ ብዙውን። በሃያ ደቂቃ ያልተበላውን አንሡ። ያደረ እህል አይጥ መጥሪያ ነው። እህሉን ደጅ አትበትኑ፤ የዱር እርግቦቹና ዋኖሶቹ ይመጣሉ፣ በሽታቸውንም ይዘው።

ሦስት ዓይነት እህል ግን ቤታችሁ አይግባ። አንደኛው ሻጋታ የነካው፣ በተለይ በቆሎ። ታጥቦ ይድናል ብላችሁ አታስቡ። ሁለተኛው በመድኃኒት የታሸ ዘር፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀላ ወይም ሮዝ ብሎ ታዩታላችሁ። ሦስተኛው የነቀዝ እንክብል ያለበት ጆንያ። እንክብሉ የሚያወጣው ጋዝ ሰውም ይገድላል። ጆንያ ሲፈታ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ከመጣ አትሽቱት፣ አትደፉት፤ ለባለቤቱ መልሱ። ለወፍጮ ቤት ጥራጊም ተጠንቀቁ። ሰው «አንተማ ጥራጊ አለህ» ይለኛል። ጥራጊ ውስጥ ሚስማር፣ የድንጋይ ብናኝና የአይጥ ኩስ አለ። ለእርግቦቼ በገንዘቤ እገዛለሁ።

ውሃ በየቀኑ ይቀየር። እርግብ እንደ ዶሮ ጎንጨት ብላ ቀና አትልም፤ መንቁሯን ነክራ ትስባለች። ስለዚህ ዕቃው ሁለት ጣት ያህል ጥልቀት ይኑረው፤ ኩስ እንዳይገባበት ከላይ ክዳን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጉና ደጅ አስቀምጡ። ሲታጠቡ ማየት ራሱ ሌላ ነው።

ዕንቁላሉን በስልክ መብራት

የመጀመሪያውን ዕንቁላል ወደ ማታ ትጥላለች። ከዚያ አንድ ቀን ዝም። ሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ይመጣል። በመካከሉ «ቀዘቀዘ» ብላችሁ አትደናገጡ፤ አጥብቃ የምትታቀፈው ሁለተኛው ሲመጣ ነው። ሁለቱ አብረው እንዲፈለፈሉ።

ተራ አላቸው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ወንዱ፤ ቀሪውንና ሌሊቱን እሷ። እኔ ከሥራ ስገባ ወንዱ ገና ጎጆው ላይ ከሆነ ሰዓት አላይም።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ማታ አንዱን ዕንቁላል በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ አንሡ። የስልካችሁን መብራት አብሩና ሰፊውን ጫፍ መብራቱ ላይ አስጠጉት። ፍሬ ካለው ውስጡ ሮዝ ሆኖ፣ መካከል ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ከነጥቡ ዙሪያ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ቀያይ ክሮች ታያላችሁ። ትንሽ ከቆያችሁ ነጥቧ ስትንቀሳቀስ ታያላችሁ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ልጄን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። ቢጫና ጥርት ያለ ሆኖ ከቀረ ግን ፍሬ የለውም።

በ17ኛው ወይም በ18ኛው ቀን ይፈለፈላሉ። ቆንጆ ናቸው አልልም። ዓይናቸው የተጨፈነ፣ ቢጫ ፀጉር ጣል ጣል ያለባቸው፣ መንቁራቸው ከራሳቸው የሚበልጥ። ወላጆቹ የሚያበሏቸው ከጉሮሯቸው ከረጢት የሚወጣ፣ ፍርፍር ያለ አይብ የመሰለ ነገር ነው። እናትም አባትም ያመነጫሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ምግባቸው በአመዛኙ ይኼው ነው፤ ከዚያ እየቆየ እህል ይቀላቀልበታል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ሁለቱም ወላጆች ከሞቱ በእጅ ማሳደግ ከባድ ነው። ሌላ ጥንድ በተመሳሳይ ጊዜ የፈለፈለ ካለ ጫጩቱን እዚያ አስገቡት፤ ብዙ ጊዜ ይቀበሉታል። እግራቸው ላይ የመለያ ቀለበት ማድረግ የምትፈልጉ በሰባተኛውና በአሥረኛው ቀን መካከል ነው፤ ከዚያ በኋላ እግሩ አያሳልፍም። በወር ገደማ ከጎጆ ይወጣሉ።

ሲያማቸው

ጫጩት አፍ ውስጥ ቢጫ አይብ የመሰለ ነገር ካያችሁ ከወላጅ ወደ ልጅና በውሃ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ይታከማል፤ ግን ፈጥናችሁ ከሄዳችሁ። አንገቷ የሚጠመዘዝ፣ ፍሬ ለማንሳት ስትሞክር የምትስት፣ ኩሷ ውሃ የሆነ እርግብ ካለች ለብቻዋ አውጧት። የዶሮ ፈንግል ዘመድ ነው። ለዚህ ስል ዶሮና እርግብ አንድ ቤት አላስቀምጥም። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ለእርግብ እንዴት እንደሚሰጥ የእንስሳት ሐኪም ይንገራችሁ። እዚህ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ሐኪም አጣን የምንል ከተማ አይደለንም። በጎረቤት ምክር አንቲባዮቲክ ውሃ ውስጥ መበጥበጥ ይቅር። አዲስ የመጣች እርግብ ደግሞ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ ምንም ብታምር።

ቀያዮቹ ነፍሳት ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቀው ሌሊት ደም ይመጥጣሉ። ሌሊት ነጭ ጨርቅ በቆጡ ሥር ጠርጉበት፤ ቀይ ነጠብጣብ ካወጣ አሉ። እርግቦቹን አውጡ፣ ስንጥቁን በፈላ ውሃ አጥቡ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ ስንጥቁን ድፈኑ። በሳምንቱ ድገሙት፤ ዕንቁላላቸው ይቀራልና።

ስትጠርጉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። መጀመሪያ ውሃ ርጩ። የኩስ አቧራ ለሰው ሳንባ አይሆንም፤ እኔ የዱቄቱ ብናኝ ይበቃኛል።

በዙ፤ ከዚያስ?

እኛ ቤት እርግብ አይታረድም። ስለዚህ ጥያቄው ይመጣል፤ ስምንት ጥንድ በዓመት የሚያወጣው ጫጩት የት ይገባል? ዕንቁላሉን ማንሳት መፍትሔ አይደለም፤ በአሥር ቀን ገደማ ሌላ ትጥላለች፣ ትዳከማለች። እኔ ትኩሱን አውጥቼ እቀቅለውና አቀዝቅዤ እመልሰዋለሁ። ሳታውቅ ትታቀፋለች፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን ራሷ ትተወዋለች። በዚህም ታርፋለች። የምሰጣቸው ጫጩቶች ደግሞ ቤት ሠርቶ ላሳየኝ ሰው ብቻ ነው።

የመጨረሻው ነገር ጎረቤት ነው። ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ ጣሪያቸው ከእኔ ከፍ ይላል። እርግብ ደግሞ ከፍ ያለውን ነው የምትመርጠው። እሳቸው ክረምት የጣሪያ ውሃ በበርሜል ያጠራቅማሉ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ሰኔ በርሜላቸውን እየጠቆሙ ተቆጡኝ። ትክክል ነበሩ። ተስማማን። በየሁለት ሳምንቱ መሰላል ይዤ ቆርቆሯቸውን እጠርጋለሁ። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያውን ውሃ መሬት እንዲያፈሱት፣ ከዚያ በርሜሉን እንዲደቅኑ ነገርኳቸው፤ እሱም ለልብስና ለወለል እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። ኩሱን ደግሞ ሦስት ወር አብላልቼ በጆንያ እሰጣቸዋለሁ፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ጌሾአቸው ከአጥሩ በላይ ወጥቷል። ማታ ጣሳዬን አንኳኩቼ ስቆጥር ከማዶ ድምፃቸው ይመጣል።

«ስንት ገቡ?»

«አሥራ አምስት።»

«አንዷ እዚህ እኔ ጣሪያ ላይ ናት፤ ቆይ ላባርልህ።»